ሁለት ደረጃ የጎደለው ፕላን

አሰላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ በእውቀቱ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የብሬመን ብርድስ ገባ? እኛ ቤት በፈጣሪ ቸርነት ሁሉም ደህና ነው። አባዬ ከጡረታ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እስከ ብቅል ፋብሪካው ድረስ በእግሩ ደርሶ ይመለሳል። «የአጎቴ ልጅ መጻፍ ተወ» እያለ ያነሳዎታል። እማዬም «ለበእውቀቱ ሰላም በይልኝ፣ ዕድሜ ይስጠው» ብላለች።

እኔ ሰሎሜ ነኝ፣ የወልደጻድቅ ሁለተኛ ልጅ። ለአያታችን ተዝካር የመጡ ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አሁን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ የቤት ፕላን የምስል ድራፍተር ሆኛለሁ። አራት ዓመት በአንድ የአማካሪዎች ቢሮ ስሠራ ቆይቼ መስከረም ላይ ለቀቅኩ። የሦስት ሰው ሥራ እሠራ ነበር፤ ስሜ ግን በአንዱም ወረቀት ላይ አልነበረም። አሁን መናኸሪያው አጠገብ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ በላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን ጀምሬአለሁ። እስካሁን የሠራሁት አንድ አጥርና አንድ የዘበኛ ቤት ነው።

የምጠይቅዎ ስለ ፕሮግራም ነው። ላፕቶፔ ላይ ያለው ጓደኛዬ ነህምያ በፍላሽ የገለበጠልኝ ክራክ፣ ያልተከፈለበት ቅጂ ነው። ባለፈው ሳምንት በሥራ መሀል ተዘግቶ የግማሽ ቀን ሥራዬን ይዞብኝ ጠፋ። የራሴ የምለውን ነገር ደግሞ በተሰረቀ ዕቃ መጀመር አልፈለግሁም። ለጀማሪ የሚሆን አንዱን ልገዛ አስቤአለሁ። አንደኛው መስመር ብቻ የሚስል፣ ሁላችን የምናውቀው የአውቶካድ ዓይነት ሆኖ ርካሽ ነው። ሁለተኛው ቤቱን ራሱን አቁሞ ፕላኑንም፣ ቁመቱን የሚያሳየውን ሴክሽኑንም ከእሱ የሚያወጣ ነው፤ ቀለል ያለው ዓይነትም ቢሆን ይወደዳል። ነፃ የሆነም አለ፤ ግን እዚህ ያሉ መሐንዲሶች ፋይሉ አይከፈትላቸውም።

ብቻዋን ለምትሠራ ሰው የትኛው ይሻላል? ስልክ እንደማይመችዎ አክስቴ ማሚቱ ስለነገረችኝ ነው በኢሜይል ያስቸገርኩዎ።

አክባሪዎ ሰሎሜ


ብሬመን፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰሎሜ፣

ከአገር ቤት የሚደርሰኝ ደብዳቤ ወይ ሞት ወይ ሠርግ ነው። ስለ ሙያዬ የጠየቀኝ ዘመድ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክልኝ። ለወልደጻድቅና ለበቀለች ሰላምታዬን አቅርቢ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ዕቃ የሚመረጠው በዋጋው ብቻ አይደለም። እስቲ መጀመሪያ እነዚህን መልሽልኝ። ደንበኞችሽ የሚያሠሩት ምን ዓይነት ቤት ነው? ላፕቶፕሽ ምን ያህል ጉልበት አለው? መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጊያለሽ? ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል የሚቀበልሽ በወረቀት ነው ወይስ በፋይል? ማህተም የሚያደርግልሽስ ማነው፤ የምትልኪለትን መክፈት ይችላል?

እኛ ቢሮ ዘጠኝ ሰዎች ነን። እኔ አሰላ ሳለሁ በትሬሲንግ ወረቀት ላይ በቀለም እየሳልኩ የጀመርኩ ስለሆነ መስመር ሲባል ወደ እኔ ነው የሚመጡት። እንደ አባትሽ ሆኜ እመክርሻለሁና ሳታማክሪኝ ምንም እንዳትገዢ።

በእውቀቱ ገብረወልድ
ከፍተኛ ድራፍተር


አሰላ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ በእውቀቱ፣

እንዲህ ፈጥነው ስለመለሱልኝ እግዜር ያክብርዎ። ሰላምታዎን ለቤቱ ሁሉ አድርሻለሁ፤ አባዬ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አስነብቦኛል።

ደንበኞቼ በብዛት ከገጠር ከተሞች የሚመጡ ናቸው፤ የሚያሠሩት ባለ አንድ ፎቅ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ከባድ ነገር ሲከፍት ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይሄዳል፤ ባትሪው ሁለት ሰዓት ያህል ይይዝልኛል። ፈቃድ ሰጪዎቹ በወረቀት ነው የሚቀበሉት። ማህተም የሚያደርግልኝ ኢንጂነር ዑራኤል የሚባል ጥንቁቅ ሰው ነው፤ የመስመር ፋይል ይከፍታል።

እውነቱን ልንገርዎና ልቤ ወደ ሁለተኛው አዘንብሏል። በነህምያ ኮምፒውተር ላይ ለሙከራ ከፍቼው የግድግዳውን ቁመት ስቀይር ሴክሽኑም አብሮ ተቀየረ። ብቻዬን ስለሆንኩ የረሳሁትን የሚያስታውሰኝ ነገር ቢኖር ብዬ ነው። ግን ልምድ ያለው ሰው ቃል ይበልጣልና የእርስዎን እጠብቃለሁ።

ሰሎሜ


ብሬመን፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰሎሜ፣

አምላክ ሥራሽን ያቅናልሽ። አሥር ቀን የቆየሁት ጉዳዩን በደንብ ላስብበት ብዬ ነው።

ባለ መስመሩን ግዢ። ያኛውን ተዪው። ላፕቶፕሽ አይሸከመውም፤ ደንበኞችሽም ወረቀት እንጂ ሞዴል አልጠየቁሽም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ፕሮግራም ሰውን ያደነዝዛል። አንቺ ግድግዳ ስታቆሚ መስኮቱን እሱ ያስብልሻል፤ ከዓመት በኋላ እጅሽ ምንም አያውቅም። እሱን ተማምነው የድሮ ጥሩ እጆችን ከወንበራቸው ያስነሱ አሉ፤ እነሱም የሠሩትን ያውቃሉ። መስመር ግን የሳልሽውን እንጂ ሌላ አይናገርም።

ከዚያ ሆነሽ በውጭ ምንዛሪ መክፈል እንደማይሆንልሽ ስለማውቅ የአንድ ዓመቱን በእኔ ካርድ ከፍዬዋለሁ። የፕሮግራሙን መክፈቻ ቁልፍ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ስጦታ ነው፤ ስለ ገንዘቡ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።

በእውቀቱ ገብረወልድ
ከፍተኛ ድራፍተር


አሰላ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ በእውቀቱ፣

እንዴት ሰነበቱ? ስለ ስጦታዎ ቃል ያጥረኛል። ፕሮግራሙ ቀላል ነው፣ ላፕቶፔም አይጮኽም። ክራኩን ያጠፋሁት ዕለት እፎይ አልኩ።

ትልቅ ሥራ አግኝቻለሁ። ኦጎልቾ ውስጥ ወይዘሮ ጁወይሪያ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ጂ ፕላስ ዋን ያሠራሉ፤ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ። ደረጃው በጎን ግድግዳው ልክ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከሁሉ አስቀድመው የነገሩኝ ስለ ጉልበታቸው ነበር። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ክፍሉ ቢጠብ ግዴለም፤ ደረጃው ግን አሮጊት የሚያወጣ ይሁን።» እኔም የእያንዳንዱን ደረጃ ከፍታ ከአሥራ ሰባት ሴንቲ እንዳያልፍ አደረግሁት። ፕላኑ ካለቀ በኋላ ለጆንያው ክምር ብለው የሱቁን ቁመት ከሦስት ሜትር ወደ ሦስት ሜትር ከአርባ አስቀየሩኝ። አስተካክዬ ዑራኤል ማህተም አድርጎበት ሥራው ተጀምሯል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። እናንተ ቢሮ አንዱ የሳለውን ሌላው የሚፈትሸው እንዴት ነው? የምትከተሉት ዝርዝር ካለ ቢልኩልኝ። እዚህ ከእኔ ሌላ የሚያየው ሰው የለም፤ አንዳንዴ ያስፈራኛል።

ሰሎሜ


አሰላ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ በእውቀቱ፣

ለታኅሣሡ ደብዳቤዬ መልስ አላገኘሁም። በደህና ይሁን እንጂ አልቀየምም። ዛሬ የምጽፈውን ግን ለማንም አልተናገርኩትም።

ዛሬ ጠዋት የወይዘሮ ጁወይሪያን ደረጃ መደገፊያ የሚበይደው ሰው ርዝመቱን ጠየቀኝና ቆጠርኩ። ሴክሽኑ ላይ ደረጃው ሃያ ነው። ፕላኑ ላይ አሥራ ስምንት ነው። ቁመቱ ሲቀየር አንዱን አስተካክዬ ሌላውን ረስቻለሁ። ሁለቱ የተሳሉት በተለያየ ወረቀት ላይ ነው፤ ዑራኤልም አላየውም። ኮንትራክተሩ ከዲሮ የሚሠራው በፕላኑ ነውና በሶሌታው፣ በላይኛው ፎቅ ወለል ላይ ለደረጃው የተወው ቀዳዳ ስድሳ ሴንቲ ያጥራል። እንዲሁ ከተሞላ ሃያው ደረጃ ሲሠራ የሚወጣው ሰው ግንባሩ በቀዳዳው ጠርዝ ካለው የኮንክሪት ቢም ጋር ይጋጫል።

ፌሮ ብረቱ ታስሯል። ሠራተኞቹ ለጥምቀት ወደየቤታቸው ስለሚበተኑ ሶሌታው የሚሞላው ሐሙስ ነው። ዛሬ ሰኞ ነው።

ጋሼ፣ ይሄ እናንተ ቢሮ ቢደርስ ምን ታደርጋላችሁ? እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ። ምግብ አልበላልኝ ብሏል።

ሰሎሜ


ብሬመን፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰሎሜ ልጄ፣

አይዞሽ፤ ያልተሳሳተ ድራፍተር አልተወለደም።

ሐሙስ ይሞላ። ምንም እንዳትናገሪ። ደረጃውን አሥራ ስምንት አድርገሽ ተዪውና ቁመቱን አካፍይው፤ እያንዳንዱ አሥራ ዘጠኝ ሴንቲ ገደማ ይሆናል። ሰው ይወጣዋል፤ እዚህ ስንት አሮጌ ቤት ከዚያ በላይ አለው። ሴክሽኑን አስተካክለሽ አዲስ ወረቀት አትሚና በአሮጌው ቦታ ተኪው። ብቻሽን ነሽ፤ ስምሽ አንዴ ከተበላሸ የሚያቃናልሽ የለም።

በእውቀቱ ገብረወልድ
ከፍተኛ ድራፍተር


አሰላ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ በእውቀቱ፣

የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርዎ።

ማክሰኞ ደብዳቤዎን አንብቤ እንዳሉኝ አደረግሁ። ሴክሽኑን አስተካክዬ አተምኩት። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። በየጊዜው ከወንበሬ እየተነሳሁ የክፍሌን ደረጃ ወርጄ እወጣለሁ፤ ስለካው የእያንዳንዱ ከፍታ አሥራ ስምንት ሴንቲ ተኩል ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴም ጤነኛ ነው።

ሐሙስ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ኦጎልቾ ወረድኩ። ስደርስ ሚክሰሩ እየዞረ ነበር። ከዲሮ አሸዋው ላይ ቆሞ ያዛል።

«አቁምልኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሶሌታውን። የደረጃው ቀዳዳ ያጥራል። ፕላኑ ተሳስቷል።»

ሚክሰሩን አላጠፋም። ፕላኑን ከኪሱ አውጥቶ ማህተሙን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ይሄስ?»

«ማህተሙ አላየውም። መስመሩን የሳልኩት ግን እኔ ነኝ።»

«ሃያ ሁለት ሰው ነው የቆመው! ከነገ ጀምሮ አንድም አይገኝም! ሲሚንቶው ተቀድዷል!» ጩኸቱን ሰምተው ወይዘሮ ጁወይሪያ ከእህል መጋዘኑ መጡ። ከዲሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በኦሮምኛ አስረዳቸው፤ የእርስዎኑ ሐሳብ ነበር ያመጣው፣ ደረጃውን ትንሽ ትንሽ ከፍ ማድረግ። ቃል በቃል ማለት ይቻላል። የእርስዎን ሐሳብ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው አፈርኩ።

«ልዩነቱ ምን ያህል ነው?» አሉኝ እሳቸው።

«ሁለት ሴንቲ።»

«ሁለት ሴንቲ ምንድነው?»

መሬት ላይ ጣውላ ደራርቤ አንዱን አሥራ ሰባት፣ አንዱን አሥራ ዘጠኝ አደረግሁት። የመጀመሪያውን ብቻቸውን ወጡት። ሁለተኛውን ሲወጡ ትከሻዬን ያዙ። ወረዱና እንደገና ሞከሩት፤ አሁንም ያዙኝ።

«ይሄን አሥራ ስምንት ጊዜ?» አሉ። «በቀን አራት አምስት ጊዜ ነው የምወርድ የምወጣው።» ከዚያ ወደ ከዲሮ ዞረው «ይፍረስ» አሉት።

የፈረሰው በደረጃው በኩል ያለው ብቻ ነው፤ ፌሮው ተቆርጦ ቢሙ በስድሳ ሴንቲ ተገፋ። ሠራተኞቹ ግን ሶሌታው ሳይሞላ ለበዓሉ ተበተኑ፣ የተቀደደውም ሲሚንቶ ባከነ። ከዲሮ «ከእንግዲህ ያንቺን ፕላን በእጄ አልይዝም» ብሎኛል። ዑራኤልም ሁለተኛ ሰው ካልፈተሸው ለእኔ ሥራ ማህተም እንደማያደርግ ትናንት ነግሮኛል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ረቡዕ ከሰዓት ጭንቀቱ ሲበዛብኝ በቢሮዎ አብረውዎት የሚሠሩትን ሰዎች ልጠይቅ ብዬ የቢሮውን ስም ከአክስቴ ማሚቱ ተቀብዬ ስልኩን ፈልጌ ደወልኩ። ያነሳችው ሴትዮ በእንግሊዝኛ እርስዎ ከለቀቁ ሦስት ዓመት እንዳለፈ ነገረችኝ። ተሳስታ ይሆናል ብዬ ደግሜ ስምዎን ፊደል በፊደል ነገርኳት።

እየጠበቅሁ ነው።

ሰሎሜ


ብሬመን፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰሎሜ፣

ሰላምታ ማስቀደም ከበደኝ፤ ይቅር በይኝ።

ሴትዮዋ አልተሳሳተችም። ከለቀቅሁ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። አሁን የምሠራው የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ካርቶን በየአድራሻው እለያለሁ። ስልክ አይመቸኝም የምለው እዚያ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ነው። ይሄንን ከዘመድ ወገን አንድም ሰው አያውቅም።

ቢሮው ሁሉን ሥራ ወደዚያ ወደ ሁለተኛው ዓይነት ፕሮግራም አዛወረ። ስድስት ሳምንት ሥልጠና ሰጡን። እኔ ከኋላ ተቀምጬ «የእኔ እጅ ይፈጥናል» እያልኩ እስቅ ነበር። በመጨረሻ ለእያንዳንዳችን አንድ ቤት ሰጡን። ሌሎቹ በሳምንት ጨረሱ። እኔ ጣሪያውን ከግድግዳው ጋር ማገናኘት አቅቶኝ ሦስት ሳምንት ቆየሁ፤ ሰው እንዳልጠይቅ ደግሞ ኩራቴ ያዘኝ። አለቃችን ደግ ሰው ነበር። ሌላ ክፍል ልመድብህ አለኝ፤ እምቢ ብዬ ወጣሁ።

ባለ መስመሩን ግዢ ያልኩሽ ለአንቺ ስለሚሻል አይደለም። ከዚያ ሌላ ስለማላውቅ ነው። አሥሩን ቀን የቆየሁትም ላስብ ብዬ ሳይሆን፣ አላውቅም ብዬ ልጻፍልሽ ወይስ አልጻፍልሽ እያልኩ ነው። ስለ መፈተሻው ዝርዝር ስትጠይቂኝ ዝም ያልኩት የምልክልሽ ስላልነበረኝ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሴንቲ አድርጊው ያልኩሽ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። አንቺ ስምሽን ልታጪ ወደ ኦጎልቾ ስትወርጂ እኔ ያልነበረኝን ስም ከደብዳቤዬ ግርጌ እጽፍ ነበር።

ብትቀየሚኝ አይደንቀኝም። ለአባትሽ ልትነግሪው ትችያለሽ።

በእውቀቱ


አሰላ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ በእውቀቱ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ሦስት መልስ ጽፌ ሰርዣለሁ። ተናድጄ ነበር። የተናደድኩት በመጋዘኑ አይደለም፤ ሥራ ሥራ ነው። እኔ ምግብ እየዘጋኝ የምጠይቀውን ሰው አጣሁ ብዬ ነው። ለአባዬ አልነገርኩትም፤ ሲፈልጉ እርስዎ ይነግሩታል።

ደረጃውን የረሳሁት እኔ ነኝ እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም፤ እርስዎም አይደሉም። ግን ቢሮ ውስጥ አንዱ ቢረሳ ሌላው ያያል። እኔ ክፍል ውስጥ ሌላ የለም። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ለመዞር ወስኛለሁ፣ ቀለል ወዳለው ዓይነት። ላፕቶፔ ጮኸ፤ ጥላና ቀለሙን ሳጠፋበት ዝም አለ። ከእሱ የወጣውን የመስመር ፋይል ለዑራኤል ልኬለት ተከፍቶለታል። የሙከራ ጊዜው ሠላሳ ቀን ነው፤ ክፍያው ወር በወር ስለሚሆን ማሚቱ ውጭ አገር ካለች ጓደኛዋ ጋር በእሷ ካርድ እንዲከፈል ትነጋገርልኛለች። ካርድዎን አልጠየቅኩም።

የምጠይቅዎ ሌላ ነው። ጎበሳ የሚኖር አሰግድ የሚባል አስተማሪ የባለ ሦስት ክፍል ቤት ፕላን ሥሪልኝ ብሎ መጥቷል። ዑራኤል ሁለተኛ ዓይን ካላየው አልፈርምም ባለው ጸንቷል። እርስዎ ሠላሳ ዓመት የሰው መስመር ሲያዩ የኖሩ ሰው ነዎት። ፕላኑንም፣ ሴክሽኑንም፣ ሞዴሉንም ልኬአለሁ። ይፈትሹልኝ። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ፤ የማያውቁትን አላውቅም ብለው ይጻፉልኝ። ከዚያ ያነሰ አልቀበልም።

ሰሎሜ


ብሬመን፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰሎሜ ወልደጻድቅ፣

ቤትሽም ሥራሽም ሰላም ይሁን። ከሥራ ወጥቼ ሁለት ቀን ተቀመጥኩበት።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ወደ ውስጥ ሲከፈት የሽንት ቤቱን መቀመጫ ይመታል፤ ወደ ውጭ አዙሪው። የምሥራቁ መስኮት ፕላኑ ላይ አንድ ሜትር ከሃያ ነው፤ ከጎኑ የጻፍሽው ልኬት ግን አንድ ሜትር ከአርባ ይላል። ቁጥሩን በእጅሽ ነው የጻፍሽው መሰለኝ፤ ፕሮግራሙ ራሱ ይጻፈው። የወጥ ቤቱ ወለል ከሳሎኑ ዝቅ ማለት አለበት፤ አለዚያ ውሃው ወደ ሳሎን ይሄዳል።

የፕሮግራሙን የሙከራ ዓይነት አውርጄ ሞዴሉን ከፈትኩት። ጣሪያው ከበረንዳው ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ አንድ ቀይ ምልክት አለ። ስህተት ይሁን፣ ወይም ማስታወቂያ ብቻ፣ አላውቅም። ነክቼ እንዳላበላሽብሽ ተውኩት።

እሑድ ሥራ የለኝም፤ ስልኬም ክፍት ነው። ደውይና አሳዪኝ።

በእውቀቱ